ታንኳ ነው ወይስ ጀልባ?

አጎቴ ጡረታ የወጡ የአማርኛ መምህር ናቸው። ዘጌ ተወልደው፣ ባሕር ዳር ዕድሜያቸውን በጠመኔ ጨርሰው፣ ባለቤታቸው ሲያርፉ ፍራንክፈርት ልጃቸው ዘንድ መጡ። ባለፈው ዓመት አንድ እሑድ ከቅዳሴ ሲመለሱ በር ላይ ቆመው ቀሩ። እጃቸው ላይ ያለውን ነገር ያውቁታል፤ የትኛውን በር እንደሚከፍት ያውቃሉ፤ ስሙ ግን አልመጣ አለ። «ቁልፍ» የምትለዋ ቃል የተመለሰችው ቡና ተፈልቶ ቶናው ከተቀዳ በኋላ ነው። ምርመራው በግራ በኩል፣ ከጆሮ ከፍ ብሎ፣ ዕጢ አሳየ።

የእኔ ሥራ በሌላ ከተማ ነው፤ ከአንጎል ቀዶ ሕክምና በፊት የቋንቋ ቦታዎችን በማግኔት ከሚያስሱ ሰዎች ጋር። የአጎቴ ካርታ በሚነሣበት ቀን አስተርጓሚ ሆኜ እንድቀመጥ ተፈቀደልኝ። ዋዜማውን ማታ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ የተባባልነውን አሳጥሬ ጻፍኩት። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አጎቴ፦ እንግዲህ ነገ ራሴ ላይ ማግኔት ልትደቅኑ ነው። ምስማር እንደሚለቅመው ያለ?

እኔ፦ አይደለም ጋሼ። ያኛው ሁልጊዜ ማግኔት የሆነ ብረት ነው፤ የእኛው ሽቦ ነው። እንደ ቁጥር 8 ሁለት ክብ ሆኖ የተጠቀለለ፣ በፕላስቲክ የታሸገ፣ እጀታ ያለው። ብርቱ ኤሌክትሪክ ከሺህ አንድ ሴኮንድ ላነሰ ጊዜ ይለቀቅበታል። በዚያች ቅጽበት ሽቦው ማግኔት ይሆናል፤ ማግኔቱም ቆዳና ቅል ሳያግደው ያልፍና ከሥር ባለው አንጎል ላይ ትንሽ ኤሌክትሪክ ያስነሣል። ነርቮቹን የሚቀሰቅሳቸው ይህ ሁለተኛው ነው። ፋራዴይ በ1831 ያገኘው ሕግ ነው፤ ዲናሞ የሚሠራበት።

አጎቴ፦ ዲናሞውን አውቀዋለሁ፤ ብስክሌቴ ላይ ነበረኝ። ታዲያ በ1831 የታወቀ ነገር እኔ እስካረጅ ድረስ የት ቆየ?

እኔ፦ ሞካሪማ አልጠፋም። ዳርሶንቫል የሚባል ፈረንሳዊ በ1896 ጭንቅላት በትልቅ ጥቅል ሽቦ ውስጥ ሲገባ ዓይን ላይ ብልጭታ እንደሚታይ ጽፏል። ከዚያ አልፎ አንጎል ድረስ የሚዘልቅ አጭርና ብርቱ ምት ለማውጣት ግን 1985 መምጣት ነበረበት። የእንግሊዟ ሼፊልድ ከተማ ውስጥ አንቶኒ ባርከርና ባልደረቦቹ ሽቦውን ራስ ላይ ደቀኑ፤ የሰውየው እጅ ዘለለ። ከእነሱ 5 ዓመት ቀደም ብሎ ሜርተንና ሞርተን ኤሌክትሪኩን በቀጥታ በራስ ቅል ላይ ለቀው እጅ አንቀሳቅሰው ነበር። ያኛው ግን ያማል፤ የባርከር አላመመም።

አጎቴ፦ አያምም ትያለሽ?

እኔ፦ የእጅን ቦታ ስንነካ አያምም። ግንባርና ጆሮ መካከል ስንደርስ ግን ማግኔቱ የመንጋጋውን ጡንቻ አብሮ ይመታዋል፤ ጥርስዎ ገጭ ገጭ ይላል፤ ደስ አይልም። ሽቦውም ምት በለቀቀ ቁጥር ጠቅ የሚል ኃይለኛ ድምፅ አለው፤ ጆሮ መድፈኛ ያደርጋሉ። ደግሞ፣ አልፎ አልፎ፣ እጅግ ጥቂት ሰው ላይ፣ እንደሚጥል በሽታ ያለ መንዘፍዘፍ ሊያስነሣ ይችላል። ሐኪሙ ከክፍሉ የማይርቀው ለዚህ ነው። «ልብዎ ላይ የተተከለ መሣሪያ አለ? ጭንቅላትዎ ውስጥ ብረት አለ?» ብለው ደጋግመው የጠየቁዎትም ለጥንቃቄ ነው። የጠዋቱን መድኃኒትዎን እንዳይረሱ።

አጎቴ፦ ሳትሸፋፍኚ በመናገርሽ እግዜር ይስጥሽ። ግን አንድ ነገር አልገባኝም። ኤምአርአይ ውስጥ አጋድመው «ቃላት ያስቡ» እያሉ፣ የሚበራውን የአንጎሌን ሥዕል አሳይተውኝ የለ? እሱ አይበቃም?

እኔ፦ እሱ የሚያሳየው ደም የት እንደሚበዛ ነው፤ ማን ሥራ ላይ እንዳለ ማለት ነው። ማን ከሌለ ሥራው እንደሚቆም አያሳይም።

አጎቴ፦ ቆይ፣ ገባኝ። ሠርግ ቤት ነው የምትይው። ሁሉም ይሯሯጣል፤ ውሃ የሚቀዳው፣ ድንኳን የሚወጥረው፣ መሐል ቆሞ የሚያዝዘው። ማን እንደሚያስፈልግ ማወቅ ከፈለግሽ አንዱን ለአፍታ ጠርተሽ አቆዪው። የሚያዝዘው ቢጠፋ ማንም ልብ አይለውም። የጓዳውን ቁልፍ የያዘችው ብትጠፋ ግን ወጡ አይወጣም።

እኔ፦ «ቁልፍ» አሉ፣ ጋሼ።

አጎቴ፦ (ሳቁ።) ዛሬስ መጥታለች።

እኔ፦ ማግኔቱ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ አንዱን ለአፍታ ጠርቶ ማቆየት። በ1991 ፓስኳል ሊዮኔ የሚባል ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር ለሚጥል በሽታ ቀዶ ሕክምና የሚዘጋጁ 6 ሰዎችን ቁጥር እያስቆጠረ፣ በግራ በኩል ምቱን አከታትሎ ሲለቅ ቆጠራው ቆመ። ሽቦውን ሲያነሡት ቀጠለ። ከዚያ በፊት ቋንቋ በየትኛው ጎን እንዳለ ለማወቅ ጁን ዋዳ በ1949 ያመጣው ምርመራ ነበር የሚሠራበት፤ በአንገት የደም ሥር መድኃኒት አስገብቶ የአንጎልን ግማሽ ማስተኛት። እሱ ግን ግራ ወይስ ቀኝ ከማለት አያልፍም። የትኛው እጥፋት፣ የትኛው ጥግ ብለው ቢጠይቁት መልስ የለውም።

አጎቴ፦ ግራ መሆኑ ከድሮ የታወቀ መስሎኝ።

እኔ፦ ለብዙው ሰው ግራ ነው። ግን እርስዎ ግራኝ ነዎት እኮ።

አጎቴ፦ ግራኝ ነበርኩ። የኔታ እጄን በአለንጋ እያሉ በቀኝ አስጻፉኝ። እንጨት ስፈልጥ ግን እስከ ዛሬ በግራዬ ነው።

እኔ፦ ይህንን ለሐኪሙ ነግረውታል?

አጎቴ፦ «በየትኛው እጅ ይጽፋሉ?» አለኝ፤ «በቀኝ» አልኩት። የጠየቀኝን መለስኩ።

እኔ፦ ነገ እኔ እነግረዋለሁ፤ ትልቅ ነገር ነው። እዚሁ ጀርመን፣ ሙንስተር ውስጥ የተሠራ በ2000 የወጣ ጥናት አለ። ፍጹም ቀኝ እጃቸውን ከሚጠቀሙት ውስጥ ቋንቋቸው በቀኝ አንጎል ያደረው ከመቶ 4 ሲሆኑ፣ ፍጹም ግራኝ ከሆኑት ግን ከመቶ 27 ናቸው። የኔታ እጅዎን እንጂ አንጎልዎን አላዞሩትም። በሁለቱም ጎን እንዲፈተሽ እንጠይቃለን።

አጎቴ፦ በግራው ውስጥስ ቢሆን ቦታው አይታወቅም? የአንድ ፈረንሳዊ ሐኪም ስም ተማሪ ቤት ሰምቻለሁ።

እኔ፦ ብሮካ። 1861፣ ፓሪስ፣ ቢሴትር ሆስፒታል። ሌቦርኝ የሚባል ሰው 21 ዓመት እዚያ ተኝቷል። የሚነገረውን ይሰማል፣ ይረዳል፤ ሲመልስ ግን ሁሉም ነገር «ታን፣ ታን» ነው። ሰው ሁሉ «ታን» እያለ ይጠራው ነበር። ሲሞት ብሮካ አንጎሉን አወጣ፤ በግራው ፊት በኩል ጉዳት አገኘ፤ የንግግር ቦታ ይህ ነው አለ።

አጎቴ፦ 21 ዓመት ሙሉ «ታን»። ሲናደድስ?

እኔ፦ የሚገርመው እሱ ነው፤ ሲናደድ አጥርቶ ይሳደብ ነበር።

አጎቴ፦ ይሳደብ ነበር!

እኔ፦ አዎ። ስድብ፣ ጸሎት፣ አንድ ሁለት ሦስት ብሎ መቁጠር፣ በልማድ የሚፈስ ንግግር ሁሉ ስም ፈልጎ ከማውጣት የተለየ መንገድ አለው። ስም ጠፍቶ እሱ ሊተርፍ ይችላል።

አጎቴ፦ እኔኮ ነገ መዝሙረ ዳዊትን በቃሌ ልወጣው አስቤ ነበር። ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ የማውቀውን።

እኔ፦ ለዚህ ነው የማይሆነው። ዳዊቱን አንዴ ከጀመሩት ራሱ ይወስድዎታል። ቁልፍ ሲታይ «ቁልፍ» ማለት ግን ልማድ አይሸከመውም፤ በየጊዜው ሄዶ ማምጣት ነው። ስለዚህ የምናሳይዎ ሥዕል ነው። ወደ ብሮካ ልመለስና፣ እሱ አንጎሉን ሳይቆርጥ ሙሉውን አስቀምጦት ስለነበር፣ በ2007 ኤምአርአይ ውስጥ አስገብተው አዩት። ጉዳቱ ብሮካ ከላይ ካየው በጣም ጠልቆ ይሄዳል። መማሪያ መጽሐፍ ላይ ቀለም ተቀብታ የተሣለችው ሰፈር የሰውየውን ዝምታ ብቻዋን አታስረዳም።

አጎቴ፦ ታዲያ መጽሐፉ ዋሸ?

እኔ፦ አማካይ ሰው ሣለ እንበል። ሲያትል ውስጥ ኦጀማን የሚባል ቀዶ ሐኪም 117 ሰዎችን እያነጋገረ አንጎላቸውን በኤሌክትሪክ ነክቶ በ1989 ውጤቱን ጻፈ። አስፈላጊዋ ቦታ ብዙ ጊዜ 1 ወይም 2 ካሬ ሴንቲሜትር ብቻ ናት፤ የት እንደምትገኝ ግን ከሰው ሰው ይለያያል። ዕጢ ቀስ ብሎ ሲያድግ ደግሞ ቋንቋው ከቦታው እየተገፋ ሊሰደድ ይችላል። ሞንፔልዬ ያለው ሁግ ዱፎ ዕጢውን በከፊል አውጥቶ፣ ከዓመታት በኋላ ቦታው ሲለቀቅ ተመልሶ የቀረውን ያወጣባቸው ሕሙማን አሉ። እንግዲህ የእርስዎን ካርታ ከእርስዎ ራስ በቀር የትም አናገኘውም።

አጎቴ፦ እሺ፣ ነገ ገብቼ ተቀመጥኩ። ከዚያስ?

እኔ፦ ግንባርዎ ላይ ትንንሽ ኳሶች ያሉት ነገር ይለጠፋል። ግድግዳው ጋ ያለ ካሜራ እነሱንና ሽቦውን አብሮ ይከተላል። ከኤምአርአይዎ የተሠራው የአንጎልዎ ቅርጽ ስክሪን ላይ አለ፤ ሽቦው በተንቀሳቀሰ ቁጥር የትኛውን እጥፋት እያነጣጠረ እንደሆነ እናያለን። መጀመሪያ የእጅዎን ቦታ እንፈልጋለን። አውራ ጣትዎ ሥር የተለጠፈው ኤሌክትሮድ፣ ከ10 ምት 5ቱ ጡንቻውን ካንቀሳቀሱት መጠንዎ እሱ ነው ይላል፤ የሰው ሁሉ መጠን አንድ አይደለም። ከዚያ ወደ ቋንቋው። ሥዕሉ ለ0.7 ሴኮንድ ይታያል፤ ሽቦው በሴኮንድ 5 ጊዜ እያንኳኳ ይለቃል፤ እርስዎ ስሙን ይላሉ። ሁለት ሴኮንድ ተኩል ያህል ቆይቶ ሌላ ሥዕል። አንዷ ነጥብ ሦስት ጊዜ ትሞከራለች፤ ሁለቴ ከሳቱ ምልክት ይደረግባታል። ሁሉም በቪዲዮ ይቀረጻል፤ እኛ በኋላ ቁጭ ብለን እያንዳንዷን መልስ እንመዝናለን።

አጎቴ፦ ሚዛኑ ምንድን ነው? የፈተና አራሚ ነበርኩና ይህ ይመለከተኛል።

እኔ፦ ጭራሽ ዝም ካሉ አንድ ስሕተት ነው። ከወትሮዎ ከዘገዩ ሌላ። ፈረስ አይተው «በቅሎ» ካሉ የትርጉም መንሸራተት ነው፤ «ፈሰር» ካሉ የድምፅ። «ያ የሚጋልቡት» ካሉ ዙሪያውን ዞሩ ማለት ነው። መንጋጋዎ ተመትቶ አፍዎ ከተጣመመ ግን ያ የጡንቻ እንጂ የቋንቋ አይደለም፤ እንጥለዋለን። መለየቱ ሁልጊዜ ቀላል እንዳይመስልዎ።

አጎቴ፦ በአማርኛ ነው አይደል?

እኔ፦ ልነግርዎ የፈለግኩት ይህንን ነበር። መዝገቡ ላይ «ጀርመንኛ፣ መካከለኛ» ተብሎ ተጽፎ አገኘሁት። ቀጠሮውን የያዘው ሰው ልጅዎን በስልክ ጠይቋት፣ እሷም ሰውን ላለማስቸገር «ይችላል» ብላ ነው። በጀርመንኛ ሊሠሩት ነበር።

አጎቴ፦ እኔ በጀርመንኛ ዳቦ እገዛለሁ፣ ባቡር እጠይቃለሁ። ሌላ ምን አውቃለሁ?

እኔ፦ ዋናው አደጋ የማያውቁት ቃል አይደለም፤ እሱ ከምርመራው በፊት ከሥዕሎቹ ይወጣል። አደጋው የካርታው ነው። ኦጀማንና ዊታከር በ1978 ሁለት ቋንቋ የሚናገሩ ሁለት ሰዎችን አንጎላቸው ተከፍቶ ፈትነዋል። ሁለቱም ቋንቋዎች የሚጋሩት ቦታ አለ፤ አንዱን ብቻ የሚያናጋ ሌላ ቦታም አለ። በጀርመንኛ ብቻ ከጠየቁ የጀርመንኛውን ጠብቀው አማርኛውን ሊቆርጡት ይችላሉ፤ ካርታው ላይ ባዶ ሆኖ ይታያቸዋላ። አንጎል ሲጎዳ፣ ሪቦ የሚባል ተመራማሪ የመጀመሪያው ቋንቋ ይተርፋል አለ፤ ፒትር የሚባል ሌላው በ1895 አይደለም፣ በየቀኑ የሚነገረው ነው ቀድሞ የሚመለሰው አለ። ያ ክርክር ዛሬም አልተዘጋም። ለእርስዎ ግን ሁለቱም አማርኛ ነው፤ ክርክሩ አይመለከትዎትም።

አጎቴ፦ አባቴ ከባላገር ጋር ሲነግድ አገውኛ ይናገር ነበር። እሱ ቢሆን ሁለቴ ልትፈትኑት ነው።

እኔ፦ ሁለቴ። የኛ አገር ሰው ብዙው እንደ አባትዎ ነው። አንድ ኦሮሞ እናት በቤቷ ኦሮምኛ፣ በገበያ አማርኛ ከተናገረች፣ «አማርኛ ትችላለች» ብሎ በአንዱ ብቻ መጨረስ ለእኔ ግማሽ ሥራ ነው። ጊዜ ይፈጃል፤ ይፍጅ።

(እዚህ ላይ ላፕቶፑን ከፈትኩ። መቶ የሚያህሉ ሥዕሎች አሉ፤ ቀላል የመስመር ሥዕሎች። ደንቡ፣ ታማሚው ያለ ማግኔት በመጀመሪያ ሁሉንም ያያል፤ ያልሰየመው፣ ያመነታበት፣ በሁለት ስም የጠራው ይወጣል። የቀረው ብቻ ለምርመራው ይገባል። ነገ ከመጀመራችን በፊት ይህ በወግ ይደገማል፤ እኔ ግን ወዴት እንደሚሄድ ማታውኑ ማየት ፈለግኩ።)

እኔ፦ ይሄ?

አጎቴ፦ መሰላል።

እኔ፦ ይሄ?

አጎቴ፦ ጃንጥላ። ዣንጥላ የሚልም አለ፤ እኔ ጃንጥላ ነው የምለው።

እኔ፦ ይሄስ?

አጎቴ፦ ይሄ... ጦጣ ነው? ፊቱ የዝንጀሮ ነው። ጅራቱ ግን የጦጣ ነው። ጉሬዛ እንዳልለው ካባ የለውም።

እኔ፦ ጀርመኖቹ ለሁሉም አንድ ስም አላቸው። ይውጣ። ይሄ?

አጎቴ፦ ምንድን ነው? የሸንበቆ ጫፍ?

እኔ፦ አስፓራገስ። እዚህ አገር በሚያዝያ ሁሉም የሚበላው።

አጎቴ፦ አስወጪው።

እኔ፦ ይሄ?

አጎቴ፦ ወንበር። ቆይ፣ መደገፊያ የለውም፤ በርጩማ ነው።

እኔ፦ ማመንታት ነበረበት። ይውጣ። አዩ ጋሼ፣ ነገ ይህን ቢያዩና ሁለት ሴኮንድ ቢያስቡ፣ ሐኪሞቹ አጠገብ አማርኛ የሚያውቅ ከሌለ «ይህቺ ነጥብ ቋንቋ ናት» ብለው ቀይ ያደርጓታል። ነጥቧ ምንም አላጠፋች።

አጎቴ፦ ሌላም ልንገርሽ። ቃሉን ትክክል ብዬ ድምፁን ብስትስ? «ጠረጴዛ» ለማለት «ተረጴዛ» ብል ጀርመናዊው ይሰማዋል? ጠ እና ተ ለእሱ አንድ ናቸው። ቀ እና ከም እንደዚያው።

እኔ፦ አይሰማውም። ማጥበቅና ማላላትም አለ። «ገና» ብለው በዓሉን ቢያላሉት ትርጉሙ ይሄዳል፤ እሱ ግን ልክ ናቸው ብሎ ያልፈዋል። ለምርመራው ትልቁ ስሕተት ይህኛው ነው፤ ቦታዋ እየጮኸች «ባዶ» ተብላ ትጻፋለች።

አጎቴ፦ 31 ዓመት ሙሉ ተማሪ ያናደድኩበት ማጥበቅና ማላላት አንጎሌን ሊያድን ነው እንግዲህ።

እኔ፦ ሌላም የአማርኛ ነገር አለ። ብዙ ቦታ ታማሚው ስሙን ብቻ ሳይሆን «ይህ እንዲህ ነው» ብሎ እንዲናገር ያደርጉታል። በጀርመንኛ «ይህ ነው» የሚለው ሁሉ ከፊት ይመጣና ስሙ መጨረሻ ላይ ይቀመጣል። መግቢያውን ብሎ ስሙ ላይ ከቆመ የጠፋው ስሙ ነው፤ ከመጀመሪያው አፉ ከተያዘ ንግግሩ ራሱ ነው የቆመው። በአማርኛ ግን «ይህ ቁልፍ ነው» ስንል ስሙ መሐል ነው።

አጎቴ፦ «ይህ...» ብዬ ዘልዬ «...ነው» ብል፣ መሐሉ ብቻ እንደ ወለቀ ጥርስ ባዶ ሆነ ማለት ነዋ።

እኔ፦ አዎን፤ ለእኔ እንዲያውም ከጀርመንኛው የበለጠ ግልጽ ነው። ግሱስ? «ሰበረችው» አንድ ቃል ነው፤ ማን እንደሰበረ፣ ማን እንደተሰበረ ሁሉ ውስጡ አለ። አንዳንድ ቦታ ድርጊት የሚያሳይ ሥዕል እየሰጡ ግስ ያስጠራሉ። አማርኛ ለሚናገር ሰው ዕቃ ብቻ እያስቆጠሩ መመለስ አይበቃም ባይ ነኝ፤ ነገ ጊዜ ከተረፈ አሥር ያህል ግስ እንዲጨመር እጠይቃለሁ።

አጎቴ፦ አሁን ደፍረሽ ንገሪኝ። ይህ ሁሉ ተለፍቶ፣ የሚወጣው ካርታ ይታመናል?

እኔ፦ በርሊንና ሙኒክ ያሉ ቡድኖች 20 ሰዎች ላይ የማግኔቱን ካርታ፣ ቀዶ ሕክምናው ላይ ሰውየው ነቅቶ በኤሌክትሪክ ከተነካው ጋር አስተያይተው በ2013 አውጥተዋል። ቋንቋ አለ ከተባለባቸው ቦታዎች ማግኔቱ ከመቶ 90ውን ይዟል።

አጎቴ፦ ጎበዝ ተማሪ ነው።

እኔ፦ ይቆዩ። ቋንቋ የለም ከተባለባቸው ቦታዎች ግን «የለም» ብሎ የለቀቀው ከመቶ 24 ያህሉን ብቻ ነው። የቀረውን በሐሰት ከሷል።

አጎቴ፦ ይህማ የሰፈር ውሻ ነው! ለሌባም ለዘመድም ለነፋስም ይጮኻል።

እኔ፦ ልክ ነው። ግን ዝም ሲልስ?

አጎቴ፦ ዝም ካለማ ማንም የለም፤ ተኝተሽ ታድሪያለሽ።

እኔ፦ ከመቶ 84 ጊዜ። ማግኔቱ «እዚህ ባዶ ነው» ሲል በዚያ ጥናት ከመቶ 84 ጊዜ ልክ ነበር። እኔ ይህን መሣሪያ የማምነው በዝምታው ነው። በየጋዜጣው «ቋንቋ የት እንዳለ የሚያሳይ መሣሪያ» ሲባል ያናድደኛል፤ የሚሻለው ቋንቋ የት እንደሌለ በማሳየት ነው። ለቀዶ ሐኪሙም የሚጠቅመው እሱ ነው፤ ቢላዋው በየት በኩል ይግባ የሚለውን ይነግረዋል።

አጎቴ፦ ከመቶ 16 ጊዜ ውሻው ተኝቶ ሌባ ገብቷል ማለትም ነው።

እኔ፦ ስለዚህ ነው በዕለቱ የሚነቁት።

አጎቴ፦ (ስኒያቸውን አስቀመጡ።) ራሴ ተከፍቶ።

እኔ፦ ተኝተው ይከፈታል፣ ከዚያ ይቀሰቅሱዎታል፣ ሲዘጋ መልሰው ያስተኙዎታል። አንጎል ራሱ ሕመም የሚሰማበት ነርቭ የለውም፤ የሚያመው ቆዳውና ሽፋኑ ነው፤ እሱ ይደነዝዛል። ፔንፊልድ የሚባል ቀዶ ሐኪም ሞንትሪያል ውስጥ ከ1930ዎቹ ጀምሮ ሲሠራው ኖሯል፤ ሰውየው የሚያወራበትን፣ የሚዘጋበትን ቦታ ቁጥር በተጻፈባቸው ትንንሽ ወረቀቶች አንጎሉ ላይ ምልክት እያደረገ። ሳን ፍራንሲስኮ ደግሞ 250 ሰዎች እንዲህ ተደርጎላቸው በ2008 ውጤታቸው ወጥቷል። ከ6 ወር በኋላ በሕይወት ከነበሩት 243 ውስጥ አዲስ የንግግር ጉድለት የቀረባቸው 4 ናቸው። እነዚያ ሐኪሞችም ብዙ ጊዜ ቋንቋውን ፈልገው እስኪያገኙ አልከፈቱም፤ የሚቆርጡት ቦታ ባዶ መሆኑን አረጋግጠው ቆረጡ።

አጎቴ፦ ያው ነገር። የውሻው ዝምታ።

እኔ፦ ያው። የነገው ካርታ የሚያገለግለው ለዚያ ቀን ነው። ቅሉን የት ይክፈቱ፣ ምን ያህል ይክፈቱ፣ ኤሌክትሪኩን የት ይጀምሩ የሚለውን ቀድሞ ይነግራቸዋል። እርስዎም ሥዕሎቹን፣ ጥያቄውን፣ ድምፄን ለምደው ይገባሉ። ያን ዕለትም እኔ ነኝ የምቀመጠው።

አጎቴ፦ ቀጥይ። ስንት ቀረ?

እኔ፦ ሠላሳ ያህል። ይሄ?

አጎቴ፦ ታንኳ።

እኔ፦ ጋሼ፣ ጀልባ ነው እኮ። መቅዘፊያ አለው፣ የእንጨት ነው። ታንኳ የደንገል ነው።

አጎቴ፦ ለአንቺ። እኔ ልጅ ሆኜ ከዘጌ እስከ ባሕር ዳር ገበያ እንጨት በታንኳ አመላልሻለሁ። ውሃ ላይ ተቀምጦ ሰው የሚቀዝፈው ነገር ሁሉ ታንኳ ነው። ጀልባ ሞተር አለው።

እኔ፦ በድጋሚ ቢታይዎትስ?

አጎቴ፦ መቶ ጊዜ አሳዪኝ፤ ታንኳ።

ከሌላ ስድስት ሥዕል በኋላ መልሼ ሳላሳውቃቸው አሳየኋቸው። «ታንኳ» አሉ፤ ሳያመነቱ፣ ሴኮንድ ሳይሞላ። ማመንታት ከሌለ ሥዕሉ አይወጣም። ለነገው ቡድን በማዘጋጀው ዝርዝር ላይ ሥዕሉን ክብ አድርጌበት፣ ከአጠገቡ በጀርመንኛ ጻፍኩ፦ መዝገበ ቃላቱ «ጀልባ» ይላል፤ ታማሚው «ታንኳ» ካሉ ልክ ናቸው፤ «ጀልባ» ካሉ ነጥቧን ደግማችሁ ፈትሹ።